ጠቅላላ ባዮሎጂ (የዩኒቨርሲቲ ትምህርት)

ጠቅላላ ባዮሎጂ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች በአንደኛ ዓመት የሚወስዱት የሥነ ሕይወት መግቢያ ትምህርት ነው። ወደ ሕክምና፣ ነርሲንግ፣ ፋርማሲ፣ ግብርና ወይም ወደ ራሱ ባዮሎጂ ለመግባት ለሚፈልግ ተማሪ የመጀመሪያው ደረጃ ነው። በአንደኛ ዓመት የሚመዘገበው ውጤት በትምህርት ክፍል ምደባ ላይ ስለሚታይ፣ በዚህ ትምህርት የሚገኘው ነጥብ የብዙ ተማሪዎችን የወደፊት ሙያ ይነካል።

ትምህርቱ በብዛት የሚታወቀው በቃላቱ ብዛት ነው። ሆኖም ከዱርቤቴ፣ ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ገጠር የሚመጣ ተማሪ መጽሐፉ ከሚያነሳቸው ነገሮች ብዙዎቹን በቤቱና በማሳው ያውቃቸዋል፤ አዲስ የሚሆንበት ስማቸውና ማብራሪያቸው ነው። ከዚህ በታች የትምህርቱ ዋና ዋና ክፍሎች በተቻለ መጠን ከዚሁ አካባቢ በተወሰዱ ምሳሌዎች ይብራራሉ። ዱርቤቴ ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የደቡብ አቸፈር ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ አካባቢዋ በበቆሎ፣ በዳጉሳ፣ በጤፍና በግብጦ ይታወቃል።

ታሪክ

በኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት የተጀመረው በ1943 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1950) በተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነው። በጎጃም በኩል ዛሬ ትምህርቱ ከሚሰጥባቸው ተቋማት መካከል የባሕር ዳር፣ የደብረ ማርቆስና የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች ይገኛሉ።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ እንግሊዝኛ እንዲሆን ደነገገ። ለረጅም ዓመታት ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ እንደገቡ በቀጥታ ወደ ትምህርት ክፍላቸው ይመደቡ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ግን የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት (ፍሬሽማን ፕሮግራም) እንደገና ተጀመረ፤ ጠቅላላ ባዮሎጂም ከጋራ ትምህርቶቹ አንዱ ሆነ።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ተሰጥቶ፣ ከተፈተኑት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚህ በኋላ በ2015 ዓ.ም. የማካካሻ ትምህርት (ሪሜዲያል) ተጀመረ፤ ባዮሎጂ በዚህም ውስጥ ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ይሰጣል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች በመዘጋታቸው፣ ከአካባቢው የሚመጡ ተማሪዎች የሁለተኛ ደረጃውን ባዮሎጂ ሳይጨርሱ ወይም እያቋረጡ የተማሩበት ጊዜ አለ። በዚህ ምክንያት የመግቢያው ትምህርት ለብዙዎች ክለሳ ሳይሆን የመጀመሪያ ትውውቅ ነው።

የትምህርቱ ይዘት

ሳይንሳዊ ዘዴ

ትምህርቱ የሚጀምረው ባዮሎጂ እውቀቱን እንዴት እንደሚያገኝ በማስረዳት ነው፤ በመመልከት፣ በመጠየቅ፣ መላ ምት በማስቀመጥና በሙከራ በመፈተን። ለዚህ ከኢትዮጵያ የሚጠቀስ ምሳሌ የዶክተር አክሊሉ ለማ የእንዶድ ምርምር ነው። ተመራማሪው እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ የቢልሃርዝያ በሽታን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ውሃ ውስጥ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያመጣው ጥገኛ ትል ከዕድሜው የተወሰነውን ክፍል የሚያሳልፈው በእነዚህ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው። መላ ምቱ «የሚገድላቸው እንዶዱ ነው» የሚል ሲሆን፣ በኋላ በተደረጉ ሙከራዎች ተረጋገጠ። እንዶድ ለልብስ ማጠቢያነት ከጥንት ጀምሮ ሲያገለግል የኖረ ተክል ነው፤ አዲስ የሆነው ጥያቄው ነበር።

የሕይወት ሞለኪውሎችና ኤንዛይሞች

ሕይወት ያላቸው ነገሮች በዋናነት ከአራት ዓይነት ትላልቅ ሞለኪውሎች ይሠራሉ፤ እነዚህም ካርቦሃይድሬት፣ ፕሮቲን፣ ሊፒድ (ስብና ዘይት) እና ኑክሊክ አሲድ ናቸው። ኤንዛይም አብዛኛውን ጊዜ ፕሮቲን ሲሆን፣ ኬሚካላዊ ለውጥን ያፋጥናል፤ ራሱ ግን በለውጡ አያልቅም።

የኤንዛይም ጥሩ ምሳሌ ብቅል ነው። ገብስ ረጥቦ ሲበቅል አሚሌስ የሚባል ኤንዛይም ያመነጫል፤ ይህም በዘሩ ውስጥ ያለውን ስታርች ወደ ስኳር ይሰባብራል። ለተክሉ ይህ ስኳር ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ ስንቅ ነው። ጠላ ጠማቂ ግን ቡቃያውን አድርቃ ትፈጨዋለች፤ በድፍድፉ ውስጥ ኤንዛይሙ ሥራውን ይቀጥላል፤ የተገኘውን ስኳር ደግሞ እርሾ ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል።

ሕዋስ

ሕዋስ (ሴል) የሕይወት መሠረታዊ አሃድ ነው። ስሙን የሰጠው ሮበርት ሁክ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1665 የቡሽ ቁራጭን በማይክሮስኮፕ ሲመለከት ባያቸው ትናንሽ ክፍሎች ምክንያት ነው። ሽላይደንና ሽቫን እ.ኤ.አ. በ1838 እና 1839 ተክሎችም እንስሳትም ከሕዋስ የተሠሩ መሆናቸውን ገለጹ። ባክቴሪያ ኒውክሊየስ የሌለው ሕዋስ ሲኖረው፣ የተክል፣ የእንስሳና የፈንገስ ሕዋሶች ኒውክሊየስ አላቸው።

በዚህ ክፍል ተማሪዎችን ከሚያስቸግሩ ሐሳቦች አንዱ የሕዋስ ሽፋን መራጭነት ነው። ሽፋኑ ውሃን ያሳልፋል፤ ብዙ ሌሎች ነገሮችን ግን እየመረጠ ያሳልፋል ወይም ይከለክላል። ውሃ ጨው ወይም ስኳር ወደ በዛበት ወገን በሽፋን በኩል ሲያልፍ ኦስሞሲስ ይባላል። ቋንጣ ጨው ሲደረግበት የማይበላሸው አንድም በዚህ ምክንያት ነው፤ ጨው ከባክቴሪያዎቹ ሕዋስ ውስጥ ውሃ ስለሚያወጣ መራባት ያቅታቸዋል።

ግብጦም ሌላ ምሳሌ ነው። የግብጦ ፍሬ አልካሎይድ የሚባሉ መራራና መርዛማ ነገሮች አሉት። ስለዚህ ይቆላል ወይም ይቀቀላል፤ ከዚያም ለቀናት በወራጅ ውሃ ወይም በሚለዋወጥ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ሙቀቱ የሕዋሶቹን ሽፋን ስለሚያበላሽ መራጭነቱ ይቀራል፤ አልካሎይዱም በውሃ የሚሟሟ በመሆኑ ቀስ በቀስ ታጥቦ ይወጣል።

ሜታቦሊዝም

ሜታቦሊዝም በሕዋስ ውስጥ የሚካሄዱ ኬሚካላዊ ለውጦች ሁሉ አጠቃላይ ስም ነው። ተክሎች በብርሃን አስተጻምሮ (ፎቶሲንተሲስ) ከውሃና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ስኳር ይሠራሉ። ተክሎችም እንስሳትም ስኳሩን ሰባብረው ኃይል ያገኛሉ፤ ይህ በኦክስጅን ሲሆን ብዙ ኃይል ይገኛል፣ ያለ ኦክስጅን ሲሆን ጥቂት።

ያለ ኦክስጅን የሚካሄደው በሊጥ ውስጥ ይታያል። እርሾ ሲጨመር በውስጡ ያሉት ረቂቅ ፈንገሶችና ባክቴሪያዎች ይባዛሉ። ባክቴሪያዎቹ የሚሠሩት ላክቲክ አሲድ እንጀራውን ያኮመጥጠዋል፤ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ በምጣዱ ላይ የእንጀራውን ዓይን ያወጣል። የሚሮጥ ሰው ጡንቻም ኦክስጅን ሲያጥረው በተመሳሳይ መንገድ ከስኳር ላክቲክ አሲድ ይሠራል።

ዘረመል

ግሬጎር ሜንዴል በአተር ላይ ባደረገው ሙከራ የውርስን ሕጎች እ.ኤ.አ. በ1866 አሳተመ። የዲ.ኤን.ኤ.ን ቅርጽ ደግሞ ዋትሰንና ክሪክ እ.ኤ.አ. በ1953 ገለጹ። በእነዚህ መካከል ያሉት ጂን (በራሂ)፣ ክሮሞሶም፣ ማይቶሲስና ሜዮሲስ የትምህርቱ ከባድ ክፍል ተደርገው ይቆጠራሉ።

በምዕራብ ጎጃም ማሳዎች የሜንዴልን ሕግ የሚያሳየው ዲቃላ በቆሎ ነው። በባኮ የምርምር ማዕከል የተገኘውና እ.ኤ.አ. በ1993 የተለቀቀው ቢ ኤች 660 በአካባቢው በስፋት ከተዘሩት ዝርያዎች አንዱ ነው። ገበሬው ከዚህ በቆሎ ምርት ላይ ዘር አስቀርቶ በሚቀጥለው ዓመት ቢዘራ ምርቱ ይቀንሳል፣ ቁመቱም ይዘበራረቃል። ምክንያቱ በአንድ ጂን ብቻ ሊታይ ይችላል። የጂኑ ሁለት ዓይነቶች «ሀ» እና «ለ» ቢባሉ፣ ከሁለቱ ወላጆች የተለያየ የወረሰው ዲቃላ «ሀለ» ይሆናል። ሁለት «ሀለ» ተክሎች ሲዳቀሉ ከልጆቻቸው ሩቡ «ሀሀ»፣ ግማሹ «ሀለ»፣ ሩቡ «ለለ» ይሆናሉ ተብሎ ይጠበቃል። ይህ በብዙ ጂኖች ላይ ሲደጋገም የዲቃላው ብርታት ይከፋፈላል። ስለዚህ ዲቃላ ዘር በየዓመቱ መግዛት ያስፈልጋል።

ተላላፊ በሽታና የሰውነት መከላከያ

ይህ ክፍል ቫይረስን፣ ባክቴሪያን፣ ፈንገስንና ፕሮቶዞአን እንዲሁም ሰውነት እንዴት እንደሚከላከላቸው ይዘረዝራል። ወባ የምትመጣው ፕላዝሞዲየም በሚባል ፕሮቶዞአ ሲሆን፣ የምታስተላልፈው ሴቷ የአኖፊለስ ትንኝ ናት። በኢትዮጵያ ዋናዎቹ ዓይነቶች ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ ናቸው። ቫይቫክስ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ እንደገና ሊነሳ ይችላል።

ወባ ዓመቱን ሙሉ በማይበረታባቸው ከፊል ደጋማ ቦታዎች ሕዝቡ በተደጋጋሚ በመያዝ የሚገኘውን መከላከያ አያዳብርም። ስለዚህ ዝናቡና ሙቀቱ በአንድ ዓመት ሲመቻቹ በሽታው በአዋቂም በሕፃንም ላይ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ ከፊል ደጋማ አካባቢዎች በተነሳው ወረርሽኝ ወደ 3 ሚሊዮን ሰዎች እንደታመሙና 150,000 ያህል እንደሞቱ ይገመታል።

አመዳደብና ሥነ ምህዳር

ሕይወት ያላቸው ነገሮች በዝምድናቸው ይመደባሉ፤ ለእያንዳንዱም ሁለት ቃል ያለው ሳይንሳዊ ስም ይሰጠዋል። የጤፍ ስም ኤራግሮስቲስ ጤፍ ሲሆን ሁለተኛው ቃል የተወሰደው ከአገሩ ስም ነው። ግብጦ (ሉፒነስ አልበስ) ከባቄላና ከአተር ጋር በአንድ ቤተሰብ ይመደባል። በሥሩ ላይ ባሉት እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ተክሉ ሊጠቀምበት ወደሚችል መልክ ይለውጡታል፤ በምላሹ ከተክሉ ስኳር ያገኛሉ። በተጎዳና አሲዳማ በሆነ መሬት ላይ ግብጦ የሚዘራበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በሥነ ምህዳር ክፍል የሕዝበ ፍጥረት ዕድገት ይጠናል። በጣና ሐይቅ ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 በይፋ የታወቀው እምቦጭ የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው፤ በዘርም በመቆራረጥም ይባዛል። አንድ ሄክታር የሸፈነ አረም በየሁለት ሳምንቱ በእጥፍ ቢያድግና ምንም ባይገታው፣ ከ20 ሳምንት በኋላ 1,024 ሄክታር ይሸፍናል። ከመጨረሻው ሁለት ሳምንት በፊት ግን የተሸፈነው ግማሹ ብቻ ነበር፤ ቶሎ መንቀል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የቋንቋ ጉዳይ

ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ተማሪው ሐሳቡንና ቃሉን በአንድ ጊዜ ይማራል። በአማርኛ ሕዋስ፣ ኅብረ ሕዋስ፣ በራሂ፣ ዘረመልና ብርሃን አስተጻምሮ የሚሉ ቃላት አሉ፤ በመማሪያ ክፍል ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ የሚሰሙት የእንግሊዝኛዎቹ ናቸው። አስቸጋሪ የሚሆኑት ረጃጅሞቹ ቃላት ብቻ አይደሉም፤ የታወቁ የሚመስሉ ቃላትም ያሳስታሉ፦

• «ከልቸር» በላቦራቶሪ ባህል ማለት ሳይሆን የሚራቡ ረቂቅ ተሕዋስያን ማለት ነው።
• «ዶሚናንት» ጂን ማለት በብዛት የሚገኝ ወይም የተሻለ ጂን ማለት አይደለም። ከሌላው ዓይነት ጋር ሲገናኝ ባሕርይው የሚታየው ማለት ነው።
• የሕዋስ «ሬስፒሬሽን» በሳንባ አየር ማስገባትና ማስወጣት አይደለም፤ በሕዋስ ውስጥ ከምግብ ኃይል ማውጣት ነው። ስለዚህ ሳንባ የሌለው ዛፍም ቀንም ሌሊትም ያደርገዋል።
• «አዳፕቴሽን» አንድ ትንኝ በሕይወቷ መድኃኒቱን መልመዷ አይደለም። መድኃኒቱን መቋቋም የቻሉት ተርፈው ስለሚራቡ በትውልዶች መካከል ቁጥራቸው ይጨምራል።

ቤተ ሙከራ

ትምህርቱ የላቦራቶሪ ክፍል አለው። ብዙ ተማሪዎች ማይክሮስኮፕን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነኩት በዚህ ጊዜ ነው። የተለመደው የመጀመሪያ ሥራ የሽንኩርትን ስስ ሽፋን በአዮዲን ቀብቶ ሕዋሶቹንና ኒውክሊየሳቸውን ማየት ነው። አንዳንድ ሙከራዎች ግን ያለ ማይክሮስኮፕ ይሠራሉ። አዮዲን በድንች ላይ ሲንጠባጠብ ወደ ጥቁር ሰማያዊ መለወጡ ስታርች መኖሩን ያሳያል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በጥሬ ጉበት ላይ ሲፈስ አረፋ ያወጣል፤ ምክንያቱም ካታሌስ የሚባለው ኤንዛይም ወደ ውሃና ኦክስጅን ስለሚሰባብረው ነው። በተቀቀለ ጉበት ላይ ግን አረፋው አይታይም፤ ሙቀት የኤንዛይሙን ቅርጽ አበላሽቶታል።

ምዘና

የትምህርቱ ጥያቄዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንዳንዶቹ ስምና ትርጉም ይጠይቃሉ፤ ለምሳሌ የሕዋስን ክፍሎች መዘርዘር። ሌሎቹ አንድን ሐሳብ በአዲስ ሁኔታ ላይ ማዋልን ይጠይቃሉ፤ ለምሳሌ ዲቃላ በቆሎ ለምን በየዓመቱ እንደሚገዛ ወይም የተቀቀለ ጉበት ለምን አረፋ እንደማያወጣ ማስረዳት። የመጀመሪያዎቹን በቃል በማጥናት መመለስ ይቻላል። ለሁለተኛዎቹ ግን ምክንያቱንና ውጤቱን ማያያዝ ያስፈልጋል፤ በሁለተኛና ከዚያ በላይ ባሉት ዓመታት የሚሰጡት ባዮኬሚስትሪ፣ ጄኔቲክስና ማይክሮባዮሎጂም የሚቀጥሉት ከዚሁ ነው።