ጌሙ ከተጀመረ አሥር ዓመት አልፎታል፤ ልጅዎ ዛሬ ቢገባስ?

ተከታታይ ድራማ መሃል ላይ ደርሶ አብሮ ለማየት የተቀመጠ ሰው የሚጠይቀውን ሁላችንም እናውቀዋለን። «ይህቺ ማናት? እሱስ ባሏ ነው? ምን አድርጓት ነው የምታለቅሰው?» አንዱ የቤተሰብ አባል በትዕግሥት ያስረዳዋል፤ ሌላው «ዝም ብለህ እይ፣ ይገባሃል» ይለዋል። ሰውየው ነገም ለማየት ይቀመጥ እንደሆነ የሚወስነው ያገኘው መልስ ነው።

ልጆቻችን በኮምፒውተርና በፕሌይስቴሽን የሚጫወቷቸው ትልልቅ የኦንላይን ጌሞችም ይኸው ችግር አለባቸው። እንደ እግር ኳስ ጌም በአንድ ግጥሚያ አያልቁም። ታሪክ አላቸው፤ ታሪኩም በየጊዜው እየተጨመረበት ለዓመታት ይዘልቃል። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ እስከ ዛሬ ይሠራል። ታዲያ ታላቅ ወንድሙን አይቶ «እኔም ልጫወት» የሚል የ14 ዓመት ልጅ ከየት ይጀምር?

እንደ እኔ ማርኬቲንግ ላይ ለሚሠራ ሰው ጥያቄው አዲስ አይደለም። ነባሩን ደንበኛ ሳያስከፉ አዲሱን እንዴት ማስገባት ይቻላል? ለወላጅ ደግሞ የኪስም የልጅ ስሜትም ጉዳይ ነው። መግቢያው ያልተስተካከለ ጌም ገንዘብ ተከፍሎበት በሳምንቱ ይተዋል። ልጁም ከወንድሙና ከጓደኞቹ ጨዋታ ውጭ ሆኖ ይቀራል።

መቁረጥ ወይስ ማሳጠር?

ኩባንያዎቹ ለዚህ ችግር የሰጡት መልስ አንድ ዓይነት አይደለም። ቡንጂ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ዲስቲኒ 2ን አወጣ። በኅዳር 2020 ደግሞ ጌሙ ከመጠን በላይ ገዝፎብኛል በማለት የመጀመሪያውን ታሪክና በርካታ ቦታዎችን ከውስጡ አነሳ። ነባሮቹ ገንዘብ የከፈሉበትን አጡ። አዲሶቹም መጀመሪያው የሌለው ታሪክ ውስጥ ገቡ።

ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በዚያው ዓመት ሌላ መንገድ ሞከረ። 120 ደርሶ የነበረውን የሌቭል ጣሪያ ወደ 60 አወረደና ለጀማሪዎች አዲስ የመነሻ ደሴት ሠራ። ጀማሪው አሁን ቶሎ ያድጋል። የቀደሙትን ዓመታት ታሪክ በቅደም ተከተል ማወቅ ከፈለገ ግን ራሱ መፈለግ አለበት።

ጊልድ ዋርስ 2 ያጋጠመው ደግሞ ለብዙዎች ትምህርት ነው። የመጀመሪያው ተከታታይ ታሪኩ እንደ ቀጥታ ሥርጭት አንዴ ታይቶ ያለፈ ስለነበር፣ ዘግይተው የመጡ ሁሉ ለዓመታት ሳያዩት ቀርተዋል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2022 እንደገና ሠርቶ መለሰው።

የፋይናል ፋንታሲ 14 መንገድ

ታሪኩን ሳይጥል ለአዲስ ሰው በር የከፈተው የጃፓኑ ስኩዌር ኤኒክስ ነው። ፋይናል ፋንታሲ 14 እ.ኤ.አ. በ2010 ሲወጣ ከመክሸፉ የተነሳ የኩባንያው ኃላፊ በይፋ ይቅርታ ጠይቀዋል። ናኦኪ ዮሺዳ የተባሉ ባለሙያ ሥራውን ተረከቡ። የድሮው ጌም በኅዳር 2012 ተዘጋ፤ እንደ አዲስ የተሠራውም በነሐሴ 2013 ተከፈተ። መዘጋቱን እንኳ የታሪኩ አካል አደረጉት። ጨረቃ ከሰማይ ወደቀች፣ ዓለሙ ጠፋ፤ አዲሱ ጌም ከጥፋቱ 5 ዓመት በኋላ ይጀምራል።

ከዚያ ወዲህ በ2015፣ በ2017፣ በ2019፣ በ2021 እና በ2024 ትልልቅ ምዕራፎች ተጨምረዋል። ሕጉ አንድ ነው፤ ታሪኩን ከመጀመሪያው አንስቶ በተራው ያልጨረሰ ወደሚቀጥለው አይሻገርም። ጥሩ ሕግ ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ምዕራፍ «ይህን አድርስ፣ ያን አምጣ» በሚሉ ትእዛዞች የተሞላ ስለነበር ብዙ ጀማሪ መሃል ላይ ይሰለች ነበር። በነሐሴ 2020 ከእነዚህ ትእዛዞች ከአሥር አንዱን የሚበልጠው ተቀነሰ። የተቀነሰው መላላኩ ነው፤ ዋናው ታሪክ አልተነካም።

ነባሩ እንዲጠብቅ ማድረግ

ከሁሉ የገረመኝ ግን የሚከተለው ነው። በጌሙ ውስጥ በቡድን ብቻ የሚገባባቸው ቦታዎች አሉ። ነባር ተጫዋች አሥር ጊዜ ያለፈበትን ቦታ ከጀማሪ ጋር ለመድገም ለምን ጊዜውን ያጠፋል? ስለዚህ ቡድኑ ውስጥ ቦታውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ካለ ለሁሉም ተጨማሪ ሽልማት ይሰጣል። የጀማሪው ስም አጠገብም ትንሽ የቡቃያ ምልክት ትታያለች። ሽልማቱ ስላለ ጀማሪው እንደ ሸክም አይታይም። ለነባር ደንበኛ «አዲስ ሰው በደንብ ተቀበልልኝ» ብሎ የሚከፍል ድርጅት ብዙ አላየሁም።

ሽልማት ብቻውን ግን አልበቃም። የመጀመሪያው ምዕራፍ ማጠቃለያ በሆኑት ሁለት ቦታዎች ነባሮቹ ሮጠው ሲያልፉ፣ ጀማሪው እንደ ፊልም የሚታየውን የታሪክ ክፍል አይቶ ሲመለስ ውጊያው አልቆ ያገኘው ነበር። አዘጋጆቹ በመጀመሪያ የታሪኩን ክፍል ማንም እንዳይዘለው አደረጉ። ይህ ደግሞ ነባሮቹን አማረረ። በ2022 ሁለቱንም ቦታዎች እንደገና ሠሯቸው፤ ስምንት የነበረው ቡድንም ወደ አራት ወረደ። በዚያው ዓመት ከሰው ጋር መግባት የሚያሳፍረው ጀማሪ በኮምፒውተር ከሚመሩ አጋሮች ጋር ብዙዎቹን የታሪክ ቦታዎች እንዲያልፍ ተፈቀደለት።

ከመክፈልዎ በፊት

• በነፃው ይጀምር። የፋይናል ፋንታሲ 14 ነፃ ሙከራ የጊዜ ገደብ የለውም። ከ2023 ወዲህ የመጀመሪያውን ምዕራፍና ሁለት ተጨማሪዎችን እስከ ሌቭል 70 ያካትታል። በንግግርና በንግድ ላይ ገደብ አለው፤ ለወላጅ ይህ አይከፋም። አንዴ ጌሙን ከገዙ ግን በዚያው አካውንት ወደ ነፃው መመለስ አይቻልም፤ ወርኃዊ ክፍያም ይከተላል። ስለዚህ «ቶሎ ግዙልኝ» ሲባሉ አይቸኩሉ።

• መዝለያ አይግዙለት። ኩባንያው የቀደመውን ታሪክ የሚያዘልል አገልግሎት በገንዘብ ይሸጣል። ከጓደኞቹ እኩል ለመድረስ የሚፈልግ ልጅ ይጓጓለታል። ዘልሎ ሲደርስ ግን ማን ከማን ጋር ለምን እንደሚጣላ አያውቅም።

• ዕድሜውንና ኢንተርኔቱን ያመዛዝኑ። በአሜሪካ የዕድሜ ምደባ ጌሙ ለ13 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። የሚወርደው ፋይል በብዙ አሥር ጊጋባይት የሚቆጠር ስለሆነ የቤት ጥቅልዎን ይፈትናል።

• ንባብ እንዳለው ይወቁ። አብዛኛው ታሪክ የሚነገረው በጽሑፍ ነው፤ አማርኛም የለውም። እንግሊዝኛ ለሚያነብ ልጅ ጥሩ ልምምድ ነው። ለማያነብ ግን የትኛውም ማሳጠር አይረዳውም።

• ታላቁን ያናግሩት። ቀድሞ የጨረሰ ወንድም ወይም እህት ሁለት ነገር ያበላሻል፤ ሮጦ ይቀድማል፣ ወይም መጨረሻውን ያወራል። አብሮት እንዲገባና ታናሹ የታሪኩን ክፍል አይቶ እስኪጨርስ እንዲጠብቀው ይጠይቁት። ተጨማሪ ሽልማቱ የሚገኘው ታናሹ አዲስ እስከሆነ ድረስ መሆኑንም ይንገሩት። ልመናዎ ባይሰማ ይህቺ ትሰማለች።