የአሮጌ ካሜራ ድንጋይ በጨነቅ ብርድ

ከደባርቅ ወጥቶ በሰሜን ተራሮች ፓርክ ጨነቅ ላይ የሚያድር ሰው ከ3,600 ሜትር ከፍታ በላይ ነው የሚተኛው፤ በበጋ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ዋልያ ለማንሳት ባለፊልም ካሜራ ለያዘ ሰው ይህ ብርድ ጥቅምም ጉዳትም አለው። ብርድ በባትሪ ድንጋይ ውስጥ ያለውን ኬሚካላዊ ሥራ ያዘገየዋል። ስለዚህ የተቀመጠው ድንጋይ ዕድሜው ይረዝማል፣ ሥራ ላይ ያለው ግን ይደክማል። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ካኖን ኤኢ-1 ድንጋዩ ሲደክም ሻተሩ ጭራሽ አይሠራም፤ ኒኮን ኤፍኤም ግን የብርሃን መለኪያው ብቻ ይጠፋና ማንሳቱን ይቀጥላል።

ያም ሆኖ አሮጌ ካሜራን የሚገድለው ብርድ ሳይሆን ካሜራው ውስጥ የተረሳ ድንጋይ ነው። አልካላይኑ ኤልአር44 ድንጋይ ኃይሉን ሲጨርስ ውስጡ ጋዝ ይጠራቀማል፣ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ያለበትን ፈሳሽም እየገፋ ያወጣል። የድንጋዩ ማስቀመጫ ክዳን ሲከፈት ነጭና አረንጓዴ ቅርፊት ከታየ ፈሳሹ ናሱን እየበላው ነው ማለት ነው። ላይ ላዩን በኮምጣጤ ወይም በሎሚ በተነከረ ጥጥ ማጽዳት ይቻላል፤ ወደ ሽቦው ዘልቆ ከገባ ግን መፍታትና መበየድ ግድ ነው። የብር ኦክሳይዱ ኤስአር44 ዋጋው ቢወደድም የተሻለ ነው፤ 1.55 ቮልቱን እስከ መጨረሻው ስለሚይዝ መለኪያውን አያሳስትም። ካሜራው ለወራት የሚቀመጥ ከሆነ እሱም ቢሆን መውጣት አለበት።

የወጣውን ድንጋይ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ይሻላል የሚሉ አሉ። ግን አልካላይን ድንጋይ በ20 ዲግሪ በዓመት የሚያጣው ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት ያህል ነው፤ ለዚህ ሲባል ከፍሪጅ ሲወጣ የሚያልበውን እርጥበት መጋበዝ አያዋጣም። የደባርቅና የዳባት ቤት ራሱ ቀዝቃዛ ነው፤ ደረቅ መሳቢያ ይበቃል። ድንጋዮቹ ከነማሸጊያቸው ይቀመጡ፤ ከሳንቲም ጋር ከተቀላቀሉ በብረቱ ተገናኝተው ያልቃሉ። ሕፃን ከዋጣቸው ደግሞ ጉሮሮውን ያቃጥሉታልና ከፍ ያለ ቦታ ይሁኑ። ድንጋዩን እያወጡ እያስገቡ ዋልያው ያመልጣል የሚለው ስጋት ልክ ነው፤ ስለዚህ በጉዞ ቀን ካሜራው ውስጥ ይዋል፣ መለዋወጫው በጋቢ ሥር በደረት ኪስ ይሂድ። ብርድ ያደከመው ድንጋይ ሲሞቅ ስለሚነቃ ሞተ ብሎ አይጣል። በእርግጥ ያለቀው ደግሞ፣ በተለይ በድሮ ካሜራዎች የሚገኘው ባለሜርኩሪው፣ ከፓርኩ ወጥቶ ወደ ደባርቅ ይመለስ።