የባሌ ጦጣ ካርታ እና የተቆረጠው ቀርከሃ

«ጦጣ ደግሞ መቼ ጠፍቶ ነው ካርታ የሚሠራለት?» አለኝ አንድ ባልደረባዬ፣ ጠረጴዛዬ ላይ የተዘረጋውን ወረቀት እያየ፡፡ አልፈረድኩበትም፡፡ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሙዙን በጦጣ የተነጠቀ ሰው እንዲህ ቢል አይገርምም፡፡ እኔ የማወራው ግን ስለ ሌላኛው፣ ስለ ባሌ ጦጣ ነው፡፡

ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ውጪ በየትም አይገኝም፡፡ ጀርመናዊው ኦስካር ኖይማን በ1902 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ሲያስተዋውቀው፣ ስሙን ጀምጀም ከሚባለው አካባቢ ወሰደለት፡፡ ዛሬ ለመጥፋት ተጋላጭ ከሆኑት ዝርያዎች ተመድቧል፡፡ ያስቸገረው ሆዱ ነው፡፡ ዘመዶቹ ያገኙትን ሲበሉ እሱ ቀርከሃ ይመርጣል፡፡ በኦዶቡሉ ደን የተደረገ ጥናት ከምግቡ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው ቀርከሃ፣ በተለይም ለጋ ቅጠሉ መሆኑን አሳይቷል፡፡

ካርታው እንዴት ይሠራል? ጦጣው የታየባቸው ቦታዎች በጂፒኤስ ይመዘገባሉ፡፡ ኮምፒዩተሩ የእነዚያን ቦታዎች ዝናብ፣ ሙቀት፣ ከፍታና ዕፅዋት አይቶ የሚያመሳስላቸውን ይፈልጋል፤ ከዚያም ላልታየው ሥፍራ ሁሉ ከ0 እስከ 1 ነጥብ ይሰጣል፡፡ አንድ ወዳጃችሁ የት የት እንደሚያመሽ አይታችሁ ነገ የት እንደምታገኙት እንደመገመት ነው፡፡

የመጀመሪያ ካርታዬን የሠራሁት በአየር ንብረትና በከፍታ ብቻ ነበር፡፡ በጣም አማረ፡፡ ከፍተኛ ነጥብ ካገኙት ቦታዎች አንዱን ለማየት ወደ ሲዳማ ደጋ ስሄድ ግን የጠበቀኝ የገብስ ማሳ ነው፡፡ አንድ አዛውንት በአስተርጓሚ «ዘገየህ ልጄ፤ ቀርከሃውን አጥር አድርገነዋል» አሉኝ፡፡ ኮምፒዩተሩ አልዋሸም፤ አየሩ ለጦጣው ይስማማዋል፡፡ እኔ ነኝ ስለ ቀርከሃው ያልነገርኩት፡፡ ቀርከሃን ከሌላው ደን በሳተላይት ምስል መለየት ደግሞ ቀላል አይደለም፤ በእግር መሄድ ይጠይቃል፡፡

ከዚህ የባሰው ስህተት ሌላ ነው፡፡ ቀርከሃ በጠፋባቸው ቁርጥራጭ ደኖች ውስጥም ጥቂት የባሌ ጦጣዎች አሉ፤ ያገኙትን ቅጠል እየበሉ፣ ሲርባቸው ማሳ እየገቡ ይኖራሉ፡፡ አንዳንድ ቦታ ከሌሎች የጦጣ ዝርያዎች ጋር ተዳቅለዋል፡፡ እነዚህን ከሌሎቹ ጋር ቀላቅለን ካስገባናቸው ሞዴሉ «ቀርከሃ ያን ያህል አያስፈልግም» ይለናል፡፡ መኖርና ተመችቶ መኖር ግን ይለያያሉ፡፡ ስለዚህ አሁን ሁለት ካርታ እሠራለሁ፤ አንዱ ለቀርከሃው ደን፣ አንዱ ለቁርጥራጮቹ፡፡

የሐረና ደን የሚገኘው በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ በተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ስለሆነ ቢያንስ የሚከራከርለት አለው፡፡ ቁርጥራጮቹ ግን የሚያገናኛቸው መተላለፊያ ይፈልጋሉ፤ መተላለፊያው የሚያልፈው ደግሞ በሰው ማሳ ላይ ነው፡፡ እኔ የማየው ተስፋ እዚያው ቀርከሃው ላይ ነው፤ ጦጣው የሚፈልገው በዋናነት ለጋ ቅጠሉን፣ ገበሬው ደግሞ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየውን ግንድ ነው፡፡ ይህንን ለአዛውንቱ ሳስረዳቸው ራሳቸውን ነቀነቁና «ተክዬ፣ ደርሶ ስቆርጠው ማንም አይከለክለኝም?» ሲሉ ጠየቁኝ፡፡ ካርታው ላይ ለዚያ የሚሆን ቀለም አልነበረኝም፡፡ ጥያቄያቸውን በማስታወሻዬ ጽፌ፣ መስመሩን በነጠብጣብ ብቻ አሰመርኩት፡፡