ሰውነታችን ጠላቱን እንዴት ያስታውሳል?

የጎንደር እናቶች ሁሉ የሚያውቁት አንድ ነገር አለ፤ ኩፍኝ አንድ ጊዜ የወጣለት ልጅ ዳግመኛ አይወጣለትም። ጉንፋን ግን በየዓመቱ ይመላለስበታል። ይህ ስለ ምን እንደ ሆነ በሥነ ሕይወት ትምህርት ያገኘሁትን ለመጽሔታችን አንባቢያን በአጭሩ ለማስረዳት እወዳለሁ።

በደማችን ከሚዘዋወሩት ነጭ ሕዋሳት መካከል ሊምፎሳይት የሚባሉ ዘበኞች አሉ። ሁሉም መነሻቸው የአጥንት መቅኒ ነው፤ ከፊሎቹ ግን ከደረት አጥንት በስተኋላ ወዳለው ቲመስ ወደሚባል ዕጢ ሄደው ይሠለጥናሉ። የሚያስደንቀው፣ እያንዳንዱ ዘበኛ ለይቶ የሚያውቀው የአንድን ጠላት መልክ ብቻ መሆኑ ነው። እንግዳ ቫይረስ ሲገባ ያንን መልክ የሚያውቁት ጥቂቶች ይነቁና በብዛት ይራባሉ። እግሩን እሾህ ወግቶት ያመረቀዘበት ሰው ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት የሚወጣበት በዚሁ ሥራ ምክንያት ነው። ከፊሎቹ ዘበኞች በቫይረስ የተያዙትን ሕዋሳት ይገድላሉ፤ ሌሎቹ ፀረ እንግዳ አካል የተባለውን ፕሮቲን እያመነጩ ጠላቱን ያስሩታል። ይህ ዝግጅት በመጀመሪያው ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ ሕመሙም የሚበረታው በዚሁ መካከል ነው። ከድል በኋላ አብዛኞቹ ዘበኞች ሲሞቱ ጥቂቶቹ ለብዙ ዓመታት ይቆያሉ። ያው ጠላት ተመልሶ ቢመጣ ፈጥነው ይደርሱበታል። የጉንፋን ቫይረሶች ግን ከ100 ዓይነት በላይ ናቸውና አንዱን ማስታወስ ለሌላው አይረዳም።

የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ/ም ጎንደር ሲደርስ ፈንጣጣ ቁስቋም ከእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ገብቶ ልጆቹን ይዞ ነበር። እርሱም በርና መስኮት አስከፍቶ፣ ዕጣንና ከርቤ አስጢሶ አስታመማቸው። አንዳንዶቹ ሞቱ፤ ሌሎቹ ዳኑ። ያዳናቸው ዕጣኑ ነው ለማለት አልደፍርም፤ በደማቸው ያለው ሠራዊት ይመስለኛል።

የደጋው አባቶቻችንም ብልሃቱን አላጡትም። ከፈንጣጣ በሽተኛ መግል ወስደው የጤነኛውን ክንድ ጫር አድርገው ይከትቡ ነበር። ሆኖም የሚገባው እውነተኛው ፈንጣጣ ስለሆነ በዚያው የሚሞት፣ ለጎረቤቱም የሚያስተላልፍ አይጠፋም ነበር። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ጄነር በ1788 ዓ/ም በላም ፈንጣጣ ከከተበ ወዲህ፣ ገዳዩን ሳያስገቡ መልኩን የሚመስል ለዘበኞቹ ማሳየት ተቻለ። በኢትዮጵያ ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ በ1963 ዓ/ም ተጀምሮ፣ የመጨረሻው በሽተኛ የታየው በነሐሴ 1968 ዓ/ም ነው።

ስለ ኩፍኝ አንድ ነገር ሳልናገር ግን አላልፍም። «ይውጣለትና ይገላገል» የሚሉ ወላጆች አሉ። የኩፍኝ ቫይረስ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያጠቃው እነዚያኑ አስታዋሽ ዘበኞች ነው። በ2012 ዓ/ም የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ያልተከተቡ ልጆች በኩፍኝ ከታመሙ በኋላ ቀድሞ ከነበሯቸው ፀረ እንግዳ አካላት ከ11 እስከ 73 በመቶ የሚሆነውን አጥተዋል። ስለዚህ ልጁ ከኩፍኙ ቢድንም፣ ከዚያ በፊት ያሸነፋቸው ሌሎች በሽታዎች እንደ አዲስ እንግዳ ሊሆኑበት ይችላሉ። ክትባቱ ይህን ጉዳት አያደርስም። በአገራችን የሚሰጠው ሕፃኑ 9 ወር ሲሞላውና እንደገና በ15 ወሩ ነው፤ ሁለተኛው ያስፈለገው በመጀመሪያው ክትባት ዘበኞቻቸው ያልነቁላቸው ሕፃናት ስለሚኖሩ ነው።