በምክር የሚዘጋጅ ትምህርት

ዘር ከመዘራቱ በፊት እርሻው እንደሚለሰልስ፥ ትምህርትም ከመሰጠቱ በፊት በምክር ሊዘጋጅ ይገባዋል። በጃፓን አገር ይህ ነገር ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ልማድ ሆኗል፤ ይኸውም መምህራን አንዱን ትምህርት በኅብረት ያሰናዳሉ፤ አንዱ ሲያስተምር ሌሎቹ በዳር ሆነው ተማሪዎቹን ይመለከታሉ፤ ኋላም ጉድለቱን አርመው አንዳንድ ጊዜ በሌላ ክፍል እንደ ገና ያስተምሩታል።

ስለ ጉልበት የሚሰጠውን ትምህርት ለምሳሌ እንውሰድ። 1 ኪሎ የሚመዝን ድንጋይ ከ1 ሜትር ከፍታ በአሸዋ ላይ ቢለቀቅ 10 ጁል የሚጠጋ ጉልበት ይዞ ይወድቃል፤ ከ2 ሜትር ቢለቀቅ ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል። ተማሪው ይህን በቃሉ ብቻ ቢያጠና ይረሳዋል፤ ድንጋዩ የከፈተውን ጉድጓድ በገዛ እጁ ቢለካ ግን ያስተውለዋል። ዳሩ ግን አሸዋው በየጊዜው ካልተደላደለ ልኩ ይሳሳታል፤ አስተማሪው ያላየውን ይህን ጉድለት በዳር ያለው ባልንጀራው ያይለታል።

በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን በመምህሩ ፊት አቅርቦ መታረሙን እንደ ነውር አይቈጥረውም። አስተማሪም በባልንጀሮቹ ቢታረም ክብር ነው። እንግዲህ የምክሩ ሰዓት ከሥራው ሰዓት ጋራ እንዲቈጠር ማድረግ የትምህርት ሹማምንት ፈንታ ነው። ይህን ጊዜ የነፈገ ሹም፥ ትምህርቱ ደከመ ብሎ መምህሩን ሊወቅስ አይገባውም።