ድምፁን አትግደሉት፦ የካንቶኒዝ ፊልም ለምትተርኩና ለምታሳዩ

መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ፣ መርሐቤቴ ውስጥ ደግሞ ዓለም ከተማ ላይ ለሚታይ የፊልም ሳምንት የካንቶኒዝ ፊልሞችን የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ እየሠራሁ ነው። ገሚሶቹ የወንጀል ፊልሞች ናቸው፣ ገሚሶቹ ድራማ። ዛሬ ከአዘጋጆቹ አንዱ «ለማስታወቂያ ይሆነናል» ብሎ በትርጉም የተሠራ ቪዲዮ ላከልኝ። ፊልሙ «ኢንፈርናል አፌርስ» ነው። ተራኪው ገና አፉን ሲከፍት «ቻይናዎች ከአሜሪካኑ ዲፓርትድ የኮረጁት ምርጥ የካራቴ ፊልም» ይላል። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ሦስት ስህተት። ከሥሩ ያለው አስተያየት ሁሉ ያንኑ እየደገመ ይወርዳል። ይህን ፊልም መስመር በመስመር አውቀዋለሁ፤ እንዲህ ሲባል ዝም ማለት ሙያዬን መካድ ነው። በተራ ልጻፍ።

1. ማን ከማን ወሰደ?

«ኢንፈርናል አፌርስ» ሆንግ ኮንግ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ዳይሬክተሮቹ አንድሩ ላው እና አለን ማክ ናቸው፤ መሪ ተዋናዮቹ ቶኒ ሊዩንግ እና አንዲ ላው። የማርቲን ስኮርሴዚ «ዘ ዲፓርትድ» የወጣው በ2006 ነው። አራት ዓመት ዘግይቶ! አሜሪካኖቹ መብቱን ገዝተው፣ ታሪኩን ወደ ቦስተን ወስደው ሠሩት። በ2007 ኦስካር ላይ ከወሰዳቸው አራት ሽልማቶች አንዱ ከሌላ ሥራ ተነሥቶ ለተጻፈ የፊልም ጽሑፍ የሚሰጠው ነው። ማለትም ሽልማቱ ራሱ «መነሻው የሌላ ሰው ነው» ብሎ ይመሰክራል። በዚያ ምሽት የመድረኩ አስተዋዋቂ መነሻውን «የጃፓን ፊልም» ብሎ ማሳሳቱ እውነት ነው። የእነሱ ስህተት ግን ለእኛ ምክንያት አይሆንም፤ ሁለት ደቂቃ ፈልጎ ማረጋገጥ ይቻላል።

2. ካራቴ የለበትም።

ኩንግ ፉም የለበትም። ካራቴ ለነገሩ የጃፓን ነው። ፊልሙ ውስጥ ያለው ይህ ነው፦ ፖሊስ አንድ ምልምሉን ወንበዴዎቹ መሐል አስገብቶ ዓመታት ያስቀምጠዋል። የወንበዴዎቹ አለቃም የራሱን ሰው ፖሊስ ማሠልጠኛ አስገብቶ፣ ማዕረግ በማዕረግ ሲያድግ ይጠብቀዋል። ሁለቱም ሌላ ሰርጎ ገብ እንዳለ ያውቃሉ፤ ማን እንደሆነ አያውቁም። ከዚያ በኋላ ያለው ፍለጋ ነው። የሰርጎ ገቡ ፖሊስ እውነተኛ ማንነት በአንድ ሰው እጅ ብቻ ነው፤ ያ ሰው ከሞተ «እኔ እኮ ፖሊስ ነኝ» ቢል ማን ያምነዋል?

በቪዲዮ ቤት ዘመን ብሩስ ሊንና ጃኪ ቻንን እያየን ስላደግን የሩቅ ምሥራቅ ፊልም ሁሉ «ካራቴ» ተብሎ ቀረ። የልጅ አነጋገር ነው፣ አልነቅፈውም። ገንዘብ ተቀብሎ የሚተርክ ሰው ግን ልጅ አይደለም። የጆኒ ቶ «ኢሌክሽን»ን ውሰዱ፤ በ2005 ካን ላይ ለውድድር የቀረበ ፊልም ነው። አንድ የወንጀለኞች ማኅበር አዲስ ሊቀመንበር ሊመርጥ ነው። አሮጌዎቹ አባላት ሻይ እየጠጡ ይከራከራሉ፣ ለእገሌ ነው ለእገሌ ይባባላሉ፣ የሥልጣኑን በትር ማን እንደያዘው ይፈላለጋሉ። ፊልሙ ሙሉ አንድ ጥይት አይተኮስም። ባናቸውን ደርበው የሚመጡት የመንዝ አባቶች ይህን ፊልም ከማንም በላይ እንደሚረዱት እርግጠኛ ነኝ፤ የሽማግሌ ሸንጎ ምን ያህል ሊበላላ እንደሚችል ነጋሪ አያሻቸውም። «ካራቴ ነው» ተብለው ከመጡ ግን ድብድብ ሲጠብቁ ፊልሙ ያልፋቸዋል።

3. ካንቶኒዝ ማንዳሪን አይደለም።

«ቻይናዎች» ብሎ መጠቅለል ይህን ይሸፍናል፦ የጓንግዶንግ፣ የሆንግ ኮንግና የማካው ሰው በብዛት የሚናገረው ካንቶኒዝ ነው። ማንዳሪን ብቻ የሚያውቅ የቤይጂንግ ሰው ሲናገሩት አይሰማውም። እንዴት ትለያላችሁ? ተዋናዩ ሲያመሰግን «ሽየ ሽየ» ካለ ማንዳሪን ነው፤ «ምጎይ» ወይም «ዶ ጄ» ካለ ካንቶኒዝ ነው። የፖሊስ ፊልም ከሆነማ ይበልጥ ይቀላል፦ የሆንግ ኮንግ ፖሊስ አለቃውን «ሰር» ብሎ ነው የሚጠራው፤ «ዎንግ ሰር»፣ «የስ ሰር» ሲሉ ትሰማላችሁ። የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ትቶት የሄደ ነው፤ ከተማዋ ለቻይና የተመለሰችው እ.ኤ.አ. በጁላይ 1997 ነው።

ብሩስ ሊ ራሱ ያደገው በካንቶኒዝ ነው። «ዘ ቢግ ቦስ» እና «ፊስት ኦፍ ፊውሪ» ሆንግ ኮንግ ላይ ሲታዩ ግን ድምፃቸው ማንዳሪን ነበር። በዚያን ጊዜ የከተማዋ ሲኒማ በማንዳሪን ተይዞ፣ በካንቶኒዝ ፊልም መሥራት ሊጠፋ ደርሶ ነበር። በ1973 «ዘ ሃውስ ኦፍ 72 ቴናንትስ» የሚባል የድሆች ግቢ ፊልም በካንቶኒዝ ወጣና እዚያው ሆንግ ኮንግ ላይ ከብሩስ ሊ «ኤንተር ዘ ድራጎን» የበለጠ ገቢ አገኘ። ሕዝቡ የራሱን ቋንቋ ሰምቶ ነው የተሰለፈው። ቋንቋው እንዲህ ታግሎ የተመለሰ ነው፤ እኛ ደግሞ በአንድ ማይክሮፎን እንደፍነዋለን።

4. ድምፁ።

ዋናው ንዴቴ ይኸው ነው። በትርጉም ፊልም ተራኪው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያወራል። ተዋናዩ ሲያወራ ያወራል፣ ዝም ሲልም ያወራል፣ ሙዚቃ ሲገባም ያወራል። የአባት፣ የልጅ፣ የገዳይ፣ የሟች ድምፅ ሁሉ አንድ ሰው ነው። ቀልድ ይጨምርበታል፣ የሰፈር ስም ይጨምርበታል፣ አልፎ አልፎ የራሱን ስልክ ቁጥር ይናገርበታል።

«ኢንፈርናል አፌርስ» ላይ ይህ ምን እንደሚያጠፋ ልንገራችሁ። መጀመሪያ አካባቢ ሁለቱ ሰዎች፣ አንዱ ሌላውን ሳያውቅ፣ የሙዚቃ ማጫወቻና የድምፅ ማጉያ መሸጫ ውስጥ ይገናኛሉ። ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው የታይዋኗን ጻይ ቺን ዘፈን ይሰማሉ። የሚባባሉት ትንሽ ነው። ከዚህ በኋላ የሚፈላለጉት፣ የሚጠፋፉት ሰዎች በአንድ ዘፈን ዕረፍት ያገኙበት ቦታ ይህ ብቻ ነው። በላኩልኝ ቪዲዮ ላይ ተራኪው ዘፈኑ መሐል ገብቶ «አሁን እነዚህ ሁለቱ ጓደኛ ሊሆኑ ነው» ይላል። ስህተትም ነው፣ ዘፈኑንም ገደለው።

ቀጥሎ የዕፅ ርክክቡ አለ። ሰርጎ ገቡ ፖሊስ በወንበዴዎቹ መሐል ተቀምጦ በጣቱ መስታወት ይመታል። ሥራ የፈታ ሰው የሚጫወት ይመስላል፤ በሞርስ ኮድ መልእክት እየላከ ነው፤ የፖሊስ አለቃው ከሩቅ በጆሮ ማዳመጫ ይሰማዋል። የትዕይንቱ ጭንቀት በሙሉ ያለው በዚያች የጣት ድምፅ ላይ ነው። ተራኪው ሲያወራባት ተመልካቹ አይሰማትም። ፖሊሶቹ ነገሩን ከየት እንዳወቁ ግራ ይገባዋል፣ ከዚያ «የቻይና ፊልም ታሪክ የለውም» ይላል። ታሪኩ አለ፣ ሸፍነነው ነው!

እንዲህ ስል ሁልጊዜ የሚመጣልኝ መልስ «የእኛ ሕዝብ ጽሑፍ አያነብም» ነው። በሆንግ ኮንግ ሲኒማ ቤቶች ፊልሞች ለአሥርተ ዓመታት የሚታዩት ከሥራቸው የቻይንኛም የእንግሊዝኛም ጽሑፍ ይዘው ነው፤ የሀገሬው ሰው በራሱ ቋንቋ እየሰማ እንኳ ጽሑፍ ያያል። ወደ እኛም እንምጣ። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2008 ቬኒስ ላይ ልዩ የዳኞች ሽልማትና የፊልም ጽሑፍ ሽልማት ሲወስድ፣ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 ካን ላይ ሲታይ፣ ጣሊያኑም ፈረንሳዩም አማርኛችንን በጆሮው እየሰማ ትርጉሙን ከሥር እያነበበ ነው ያየው። በተዋናዮቻችን ድምፅ ላይ ተነሥቶ ያወራ ሰው የለም። ለእኛ ቋንቋ የተሰጠው ክብር ይህ ከሆነ እኛ ለሌላው ቋንቋ የምንነፍገው ለምንድን ነው?

ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች መልስ አለኝ። ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት አንድ ሰው ቆሞ ታሪኩንና ሰዎቹን ያስተዋውቅ፤ በመሐልም ንግግር ሲኖር ብቻ ባጭሩ ይናገር፣ ሙዚቃና ዝምታ ሲመጣ ይተው። ይህን ማድረግ የሚችሉ ጥሩ ተራኪዎች አሉን። የሚያስቸግረው ዝም ማለት እንደ ስንፍና መቆጠሩ ነው።

ሌላው የጽሑፉ ፋይል ነገር ነው። አማርኛው በዩኒኮድ ካልተቀመጠ፣ ወይም ቴሌቪዥኑ የግእዝ ፊደል ከሌለው፣ ስክሪኑ ላይ ባዶ ሳጥን ይደረደራል። ስለዚህ ፍላሽ ላይ ጭናችሁ ከማሳየታችሁ በፊት ጽሑፉን ከምስሉ ጋር አንድ አድርጋችሁ አውጡት፤ ነፃ ሶፍትዌር ይበቃል። አንድ ጽሑፍ ከሁለት መስመር አይብለጥ፣ ከሰባት ሰከንድ በላይም አይቆይ። ደግሞም የፊልሙን መጨረሻ አስቀድማችሁ እዩ፤ «ኢንፈርናል አፌርስ» ለዋናው ቻይና ገበያ የተሠራ ሌላ መጨረሻ አለው፣ ዋናው ግን የሆንግ ኮንጉ ነው።

ስለ መሥሪያ ቤቶቹም ልናገር፣ ስም አልጠራም። ለዚህ ዝግጅት ደብዳቤ ይዤ የገባሁበት አንድ ቢሮ ውስጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «ካራቴ አለው?» ነበር። ሁለተኛው «ድራማውን ትታችሁ ድብድቡን ብቻ አታሳዩም?» የሚል። የዳይሬክተር አን ሁይ «ኤ ሲምፕል ላይፍ» ስለ አንዲት አሮጊት የቤት ሠራተኛ ነው ብዬ ሳስረዳ «ይኼማ ለማን ይሆናል?» ተባልኩ። ለማን ይሆናል! ሴትዮዋ አንድን ቤተሰብ ስድሳ ዓመት አገልግላ በስትሮክ ትወድቃለች፤ ያሳደገችው ልጅ በተራው ሊጦራት ይሞክራል። ልጁን ሆኖ የሚሠራው አንዲ ላው ነው፣ ያው «ኢንፈርናል አፌርስ» ላይ የሠራው። ሠራተኛዋን የሠራችው ዲኒ ይፕ በ2011 ቬኒስ ላይ የምርጥ ተዋናይት ሽልማት ወስዳበታለች። ከመንዝ፣ ከግሼ፣ ከመርሐቤቴ ስንት ልጅ በልጅነቷ ወጥታ በሰው ቤት አረጀች? ለእሷ ይሆናል። ላሳደገቻቸውም ይሆናል።

«የወንጀል ፊልም ለገጠር ከተማ ምን ያደርጋል» ለሚሉትም አንድ ነገር ልጨምር። ዓለም ከተማ እናት ሆስፒታልን ያሠራው የሰዎች ለሰዎች ድርጅት መሥራች ካርል ሃይንዝ በም ተዋናይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 በማይክል ፓወል «ፒፒንግ ቶም» ፊልም ላይ ሴቶችን እየቀረፀ የሚገድለውን ሰው ሆኖ የሠራው እሱ ነው። የእንግሊዝ ተቺዎች ፊልሙን ረገሙት፣ የፓወልም ሥራ እንግሊዝ ውስጥ ተሰናከለ። ፊልሙ እንደገና የተነሣው በ1979 በኒው ዮርክ የፊልም ፌስቲቫል ሲታይ ነው። የገፋበት ማን ነው? ማርቲን ስኮርሴዚ። የ«ዘ ዲፓርትድ» ኤዲተርና ለዚያም ኦስካር የወሰደችው ቴልማ ሹንሜከር ደግሞ የፓወል ሚስት ነበረች። የወንጀል ፊልም ከመርሐቤቴ የራቀ ነገር አይደለም። መርሐቤቴ ሰውየውን በበጎ አድራጎቱ ታውቀዋለች፤ የሠራውን ፊልም በአዳራሽ አሳይቶ «ይህ ሰው ተዋናይም ነበር» የሚል ቢሮ ግን አላጋጠመኝም።

አዳራሽና ቪዲዮ ቤት የምታንቀሳቅሱ፣ መሐል ሜዳም ሁኑ ራቤል፣ ዓለም ከተማም ሁኑ ደብረ ብርሃን፦ ማሳያ ፈቃዱን ከባለመብቱ ጠይቁ፣ ድምፁን ካንቶኒዝ ላይ አድርጉ፣ ማስታወቂያው ላይ «ካራቴ» ብላችሁ አትጻፉ፣ የዳይሬክተሩን ስምና ዓመቱን ጻፉ። ተራኪ ወንድሞቼ፣ ቢያንስ ዘፈኑንና የጣቱን ድምፅ ተዉልን። የአማርኛው ጽሑፍ ሲያልቅ እዚሁ ቻናል ላይ እለቀዋለሁ፤ ስህተት ያገኘ ደቂቃውን ጠቅሶ ይጻፍልኝ፣ አስተካክላለሁ።