ተጨማሪ መረጃ፦ የረመዳን ጾምና የስኳር ሕመም

በረመዳን ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ምግብም ውኃም አይቀመስም። በአገራችን ይህ 13 ሰዓት ገደማ ነው፤ ሰሜን አውሮፓ ውስጥ በጋ ላይ ሲውል ግን ከ18 ሰዓት ያልፋል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሰውነት ጉበት ውስጥ ባከማቸው ስኳር ይሠራል፤ ያ ሲሟጠጥ ወደ ስብ ይዞራል። ጤነኛ አዋቂ ይህን በደህና ይወጣዋል።

የስኳር ሕመምተኛ ጉዳይ ግን ለብቻው ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. በ13 አገሮች የተካሄደው የኤፒዲያር ጥናት እንዳሳየው፣ ሆስፒታል የሚያስተኛ የደም ስኳር መውረድ በረመዳን ወር በዓይነት 1 ሕመምተኞች ላይ 4.7 እጥፍ፣ በዓይነት 2 ላይ 7.5 እጥፍ ሆኗል። ስለዚህ መድኃኒቱንና ሰዓቱን ከሐኪም ጋር ማስተካከል የሚገባው ወሩ ሳይገባ ነው። ጣትን ወግቶ ስኳርን መለካት ጾም ያፈርሳል ብለው የሚሰጉ አሉ፤ አብዛኞቹ የሃይማኖት ሊቃውንት ግን አያፈርስም ይላሉ። ልኬቱ ከ70 ሚ.ግ./ዴ.ሊ. በታች ከወረደ፣ ለመግሪብ (ለፀሐይ መጥለቂያ) ጥቂት ደቂቃ ቢቀር እንኳ፣ ወዲያው ጣፋጭ ነገር መቅመስ ያስፈልጋል። ቁርኣንም በሱረቱል በቀራ ለታመመ ሰው ጾሙን ወደ ሌላ ቀን እንዲያዛውር ፈቅዶለታል።